የትግል ስፖርት ክበብ፦ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ

ዘንድሮ ክበባችን ጥሩ ዓመት አሳልፏል። አዳዲስ አባላት መጡ፤ ከፊሎቹ በመጀመሪያው የአንገት ማጠንከሪያ ልምምድ ማግስት ጠፉ። ይሄ በየዓመቱ ያለ ነው። የሴት አባላት ቁጥር ግን ጨምሯል። የሴቶች ትግል ኦሊምፒክ የገባው ገና እ.ኤ.አ. በ2004፣ አቴንስ ላይ ነው ስላቸው ተናደዱ። የወንዶቹ ከ1896 ጀምሮ ስለነበር ንዴታቸው ተገቢ ነው።

የዓመቱን ወሬ በአንድ ልጅ በኩል ብነግራችሁ ይሻላል። ስሜ አይጻፍ ብሏል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ በ65 ኪሎ ምድብ ይወዳደራል፤ ዲስሌክሲያ አለበት።

ዲስሌክሲያ ፊደልን ከድምፁ ጋር አገናኝቶ ማንበብን የሚያከብድ ችግር ነው። ከጭንቅላት ብሩህነት ጋር አይገናኝም። ልጁ ግን "ሰነፍ" እየተባለ ነው ያደገው። ተነስተህ አንብብ የሚባልበት ተራ ሲደርስ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ይወጣ ነበር። ትግል የጀመረውም ለዚህ ነው፤ "እዚያ ማንም አንብብ አይለኝም" ይላል።

ኮሌጅ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ውጤቱ የወረደ ተማሪ አይወዳደርም፤ ስለዚህ መጽሐፉ ምንጣፉ ድረስ ተከትሎት መጣ። ችግሩ ስም ያገኘውም ያኔ ነው። ዘገየ ብለን ስናዝን እሱ ራሱ አጽናናን። 3 ጊዜ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነው ጃኪ ስቱዋርት ዲስሌክሲያ እንዳለበት ያወቀው መወዳደር ካቆመ በኋላ፣ 40 ዓመት አልፎት ነው። "እኔ እኮ ገና ልጅ ነኝ ቲቸር!" አለኝ።

አሁን መጽሐፉን ኮምፒውተር ጮክ ብሎ ያነብለታል። ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል። በዚህ ያጉረመረሙ ተማሪዎች ነበሩ። ተጨማሪ ሰዓት መልስ አይነግርም፤ ጥያቄውን አንብቦ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል እንጂ። ደግሞ ማንም ሳያየው ሌሊት ደጋግሞ የሚያዳምጠውን እነሱ አያዳምጡም።

ደብተሩን ብታዩት! ጽሑፍ የለበትም ማለት ይቻላል። በትግል አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ መለያ ይለብሳል፤ እሱም በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ትንንሽ ሰዎች ይስላል። ክንድ የት እንደሚገባ፣ ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንደሚያርፍ ቀስት ያሳያል። ጀማሪዎቹ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ደብተሩን ፎቶ ማንሳት ይመርጣሉ። ትንሽ ያስቀናል።

የውድድር ሕጉንም በድምፅ ቀድተንለት በጆሮው ነው ያጠናው። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ይህ ዋጋ አስገኘ። በነጻ ትግል፣ ማለትም እግር መያዝም በሚፈቀድበት የትግል ዓይነት፣ ሁለት የ3 ደቂቃ ዙሮች አሉ። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል 4 ለ 2 እየተመራ ነበር። ዝቅ ብሎ ገባ፣ የተጋጣሚውን አንድ እግር ደረቱ ላይ አጣብቆ ያዘ፣ ከኋላ ዞሮ ጣለው። 4 ለ 4። ፊሽካው ተነፋ። ተጋጣሚው ጭማሪ ሰዓት አለ ብሎ ወደ አሰልጣኙ ዞረ። በነጻ ትግል ጭማሪ ሰዓት የለም። ሁለቱም 4 ነጥባቸውን ያገኙት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ነጥብ በመውሰድ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ የደረሰው አልነበረም። እንዲህ ሲሆን የመጨረሻውን ነጥብ ያገኘው ያሸንፋል። የእኛ ልጅ ሰሌዳውን ቀና ብሎም አላየ፤ መሃል ቆሞ ዳኛው እጁን እስኪያነሳለት ጠበቀ። እኛ ግን ጮኸን፤ በማግስቱ ድምፄ አልነበረም።

ፍጻሜውን ተሸነፈ። በደንብ ነው የተሸነፈው፤ ልዩነቱ 10 ነጥብ ስለደረሰ ጨዋታው ቶሎ ቆመ። አውቶቡስ ውስጥ ሁለቱን እስክሪብቶዎች አውጥቶ የተጣለበትን ሲስል ነበር። አንዱን አጣጣል አላስታውስ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። አስታወስኩለት፤ አልወደደውም፤ ግን ሳለው።

ለሚቀጥለው ዓመት የዳኝነት ኮርስ መውሰድ ይፈልጋል። ፈተናው የጽሑፍ ነው። በቃል እንዲሰጠው ክበቡ ደብዳቤ ጽፏል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። ካልመጣ ድጋሚ እንጽፋለን።

አዲስ አባላት ምዝገባው ክፍት ነው። ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ ኑ፤ ሕጉም ያዛል፣ ባልደረቦቻችሁም ያመሰግኗችኋል።