እማዬ፣ መስኮቱን ማታ ክፈቺው

ይድረስ ለውዷ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ በጣም ናፍቀውሻል።

ባለፈው ስንደዋወል «ሌሊቱን በላብ ተጠምቄ ነው የማድረው» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣ አለኝ። የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ አውቀዋለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁበት ነው። በአንቺ ዕድሜ ግን እንቅልፍ አጥቶ ማደር ቀላል ነገር አይደለም።

የእኛ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ቆርቆሮው ቶሎ ይግላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ቶሎ ይበርዳል። ብሎኬቱ ግን ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ማታ ነው የሚተፋው። ዛሬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መኝታ ቤትሽ ግቢና በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ በመዳፍሽ ንኪው። ቀጥለሽ የሳሎኑን ንኪ። ልዩነቱን እጅሽ ይነግርሻል። አልጋሽ ደግሞ ከዚያ ከሚግለው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። እባክሽ የጎረቤት ልጆች ይርዱሽና ወደ ሳሎን አውጪው። «እንግዳ ቢመጣ ምን ይለኛል» እንደምትዪ አውቃለሁ። ምንም አይልሽም፤ ሙቀቱ ሲያልፍ ይመለሳል።

ዋናው ልመናዬ ግን የመስኮቱ ነገር ነው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉንም ወለል አድርገሽ ትከፍቻለሽ፣ ሲመሽ ደግሞ ጥርቅም አድርገሽ ትዘጊያለሽ። ገልብጪው እማዬ። ረፋዱ ላይ የውጭው አየር ከቤቱ አየር ይበልጥ መሞቅ ሲጀምር ዝጊ፣ መጋረጃውንም ሳቢ። በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ከውጭ ሸራ ቢንጠለጠልበት ከመጋረጃ ይሻላል፤ ፀሐይዋ መስታወቱ ጋ ሳትደርስ ትቀራለች። ማታ ውጭው ቀዝቀዝ ሲል የፊቱንም የኋላውንም ክፈቺ። አንዱን ብቻ ብትከፍቺ አየሩ መውጫ አያገኝም። «ንፋስ ይመታኛል» ካልሽ አልጋውን ከመስኮቱ ትይዩ አታድርጊው፣ ነጠላም ጣል አድርጊ። ሌባውንም አታስቢ፣ ብረቱ ጠንካራ ነው።

ትንኟን ግን እኔም እፈራለሁ። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ናት ምክንያቷ። ይቺኛዋ ረግረግ አትፈልግም። ከተማ ውስጥ፣ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ባለ ውኃ ትራባለች። ስለዚህ ግቢ ያለውን በርሜል አንድም ቀን ሳትከድኚ እንዳታድሪ፤ ክዳኑ ክፍተት ካለው በጨርቅ ሸፍነሽ እሰሪው። መስኮቶቹ ወንፊት ይገባላቸዋል። እስከዚያው ከአጎበር ውጭ አትተኚ፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን አጎበሩ አይቅር።

የማታውን ቡና በረንዳ ላይ አፍዪው። ከሰሉ ሳሎን ውስጥ ሲነድ ቆይቶ እዚያው መተኛት አይሆንም፤ ጭሱም ሙቀቱም ለአንቺ ጥሩ አይደለም። ምጣዱንም በጠዋቱ ጣጂው። ቬንትሌተሩ መብራት እስካለ ይሥራ። መብራት ከጠፋ ፎጣ በውኃ ነክረሽ አንገትሽና ክንድሽ ላይ አድርጊ።

ውኃ ደግሞ እስኪጠማሽ አትጠብቂ። ዕድሜ ሲገፋ ጥም በደንብ አይሰማም፣ ሰውነትም እንደ ልጅነት አያልብም። የግፊት መድኃኒትሽ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ በሙቀት ጊዜ እንዴት እንደምትወስጂው ሐኪምሽን ጠይቂልኝ፤ በራስሽ ግን እንዳታቋርጪው። ራስሽን ካዞረሽ ወይም ካቅለሸለሸሽ ጥላ ያለበት ተቀመጪ፣ ሰውነትሽን በውኃ አርጥቢ፣ ጎረቤትም ጥሪ። መምታታትና ማቃዠት ከመጣ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ይህንን ለጎረቤታችንም ነግሬያታለሁ፣ እንዳትቆጪኝ።

ጣሪያውን ነጭ ቀለም ማስቀባት አስቤያለሁ። ነጭ ቆርቆሮ ፀሐይን ስለሚመልስ ኮርኒሱ እንዲህ አይግልም። እሱን እኔ ስመጣ አብረን እናሠራዋለን።

አናጢው ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ መስኮቶቹን ይለካል። የወንፊቱንም የእጁንም ልኬለታለሁ፣ አንድ ብር እንዳትከፍዪ። ምሳ ብቻ አብዪው። ማታ ደውዬ አናጢው ምን እንዳለሽ እጠይቅሻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከአዲስ አበባ