የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የጎደለችው ጥግ

የሒሳብ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ርእስ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጥቅምት ያወጣነው ዕቅድ ስድስት ርእሶች ነበሩት፤ ከሁለተኛው፣ ማለትም የአልጀብራ መግለጫዎችን ወደ ብዜት ከመመለስ ወይም በክፍል እንደምንለው ፋክተራይዝ ከማድረግ ሳንወጣ ግንቦት ደረሰ። ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ብዙም አልቆጨኝም።

የዘጠነኛ ክፍል አባሎቻችን ሀ² − ለ² = (ሀ + ለ)(ሀ − ለ) የሚለውን ፎርሙላ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ይሁን እንጂ 899 ምን በምን ተባዝቶ እንደሚገኝ ስጠይቃቸው ሁሉም በ3፣ በ7፣ በ11 እያሉ ማካፈል ጀመሩ። ቁጥሩ ከ30 ስኩዌር፣ ከ900፣ በ1 ብቻ የሚያንስ በመሆኑ 31 ሲባዛ በ29 መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም። ፎርሙላውን የሚያውቁት ፊደል ለብሶ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በኅዳር ጠመኔውን አስቀምጠን መቀስ አነሣን። የምንገናኘው ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ፣ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ አንባቢ ጋቢ ደርቦ ካርቶን መቁረጥ ምን እንደሚመስል ይረዳል። እያንዳንዱ ቡድን ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ካሬ ካርቶን ጥግ ላይ ጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነች ካሬ ቆርጦ ጣለ። የቀረውን ባለ ጎዶሎ ጥግ ቅርጽ 10 በ6 እና 6 በ4 ወደሆኑ ሁለት ቁራጮች ከፍለው፣ ትንሹን አዙረው በ6 ጎን ሲያጋጥሙት 14 በ6 የሆነ አራት ማዕዘን ወጣ። 14 የ10 እና የ4 ድምር፣ 6 ደግሞ ልዩነታቸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ 899ን በ3 የሚያካፍል አላየሁም።

ዋናው ነገር የመጣው በየካቲት ነው፤ መነሻውም የእኔ ስሕተት ነበር። ብዙዎች ሀ² + ለ²ን (ሀ + ለ)² እያሉ ስላስቸገሩኝ፣ 3 እና 4ን አስገብተው 25 እና 49 እንደማይገናኙ ካሳየኋቸው በኋላ «የስኩዌሮች ድምር ፋክተር አይደረግም» ብዬ ሰሌዳው ላይ በሣጥን ከብቤ ጻፍኩ። በሳምንቱ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ሀ⁴ + 4 የስኩዌሮች ድምር አይደለም እንዴ? ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ይከፈላል?» አለችኝ። ሀ 3 ሲሆን 85 ማለትም 5 ሲባዛ በ17፣ 5 ሲሆን 629 ማለትም 17 ሲባዛ በ37 እያለች በተርታ ጽፋዋለች።

መልሱን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። መንገዱን የከፈተልን ከ1,200 ዓመታት ገደማ በፊት በባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቁ የአል ኸዋሪዝሚ ሥዕል ነው፤ እርሱ ሀ² + 10ሀ = 39 የሚለውን ሲፈታ ጥጉ ላይ የጎደለውን 25 በሁለቱም ወገን ጨምሮ 64 የሆነ ሙሉ ካሬ አገኘ። እኛም 4ሀ² ጨምረን መልሰን ስንቀንሰው መግለጫው (ሀ² + 2)² − (2ሀ)² ሆነ፤ ይህም ያው የኅዳሩ ካርቶን ስለሆነ (ሀ² + 2ሀ + 2)(ሀ² − 2ሀ + 2) ተብሎ ተከፈለ። ሣጥኑን ራሴ አጠፋሁት። በምትኩ ሀ² + ለ² እንዳለ ሲቀመጥ በሪል ቁጥሮች እንደማይከፈል፣ ውስጡ ሌላ ስኩዌር የተደበቀበት ግን ሊከፈል እንደሚችል ጻፍን።

የኪዩቦችን ድምርና ልዩነት በሁለት ቅዳሜ አለፍነው። 1,027 የ10 ኪዩብና የ3 ኪዩብ ድምር በመሆኑ 13 ሲባዛ በ79 መሆኑ ደስ ቢያሰኛቸውም፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹን አሁንም ያቀያይራሉ። ቀሪዎቹ አራት ርእሶች ለከርሞ ተላልፈዋል።

ካርቶኖቹ በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ። ያችው ተማሪም በመጨረሻው ቅዳሜ ሀ⁴ + ሀ² + 1 ብላ በሰሌዳው ጥግ ጽፋ፣ ለከርሞ አባላት እንዳይጠፋ አደራ ብላኛለች።