ይድረስ ለዲሲ ምክር ቤት፦ ያወጣችሁትን ሕግ በአማርኛም ንገሩን

የተከበራችሁ የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት አባላት፣

ምስጋናው ይቅደም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ አንገቱ በፖሊስ ጉልበት ተረግጦ ሲሞት፣ እናንተ አዝነናል ብላችሁ ብቻ አልቀራችሁም። ፖሊስ የሰው አንገት እንዳያንቅ ከለከላችሁ። ፖሊስ ሰው ከገደለ ወይም ክፉኛ ከጎዳ ደግሞ ደረቱ ላይ ያለው ካሜራ የቀረጸው ከፖሊሱ ስም ጋር በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለሕዝብ ይውጣ አላችሁ። በ2023 የዲሲን ሕግ የመሻር ሥልጣን ያለው የአገሪቱ ምክር ቤት፣ ኮንግረስ፣ ሕጉን ሊሽረው ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ባይደን አልፈርምም ብለው በቪቶ አስቆሙት። (የኛን ሰፈር ሕግ ከቴክሳስ የተመረጠ ሰው ሊሽረው መቻሉ መቼም አይዋጥልኝም።)

ችግሩ ሕጉ እኛ ጋ አልደረሰም። አብረውኝ ከሚሠሩት ሾፌሮች ስለሱ የሰማ የለም ማለት ይቻላል።

አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆምህ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ትወርዳለህ፣ ወደሱ ትሄዳለህ፣ ጎንበስ ብለህ ሰላም ትላለህ። ጨዋነት ነው። እዚህ እንደዛ ብታደርግ ፖሊሱ እጁን ወደ ሽጉጡ ይሰዳል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሌሊት 7 ሰዓት ኡበር የሚነዳ፣ ከመጣ ብዙም ያልቆየ ልጅ ይሄን ማን ነገረው? ደንግጦ ወረቀቱን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል ይጮሁበታል፣ ጩኸቱ ደግሞ ጭራሽ ያደናግረዋል።

ሕጋችሁ ፖሊስ በፈቃድህ ልፈትሽህ ሲል እምቢ ማለት እንደምትችል በቀላል ቋንቋ፣ በእርጋታ ይንገርህ ይላል። እንግሊዝኛ ለማይችል አስተርጓሚ ይቅረብ ይላል። አማርኛ ከ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ጀምሮ ከተማዋ ከምታስተናግዳቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የኛ ሰው ግን ፖሊስ ፊት ገባውም አልገባውም ራሱን እየነቀነቀ «የስ፣ የስ» ነው። ይሄ ፈቃድ ተብሎ እንዳይያዝበት እፈራለሁ።

ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፉልን። ከመኪናህ አትውረድ፣ እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ አስተርጓሚ ጠይቅ፣ ፍተሻውን እምቢ ማለት ትችላለህ፣ ከተመታህ ለፖሊስ አቤቱታ ቢሮ አመልክት። በቃ። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እንጀራ መሸጫው ባንኮኒም ላይ ይቀመጥ። በጉግል ተርጉማችሁ እንዳትልኩልን ግን አደራ።

ሌላው፣ በ2024 ሴኪዩር ዲሲ የተባለውን የወንጀል መከላከያ ሕግ ስታጸድቁ ፖሊስ መኪና እንዳያሳድድ የተጣለውን ገደብ አላላችሁት። ጭንቀታችሁ ይገባኛል፣ መኪናቸውን በመሣሪያ የተነጠቁ ሾፌሮች እኛም አሉን። ነገር ግን ወንጀል በጨመረ ቁጥር ከሕጉ ትንሽ ትንሽ እየቀነሳችሁ የአንገት ማነቁን ክልከላና የካሜራውን ደንብ እንዳታስቀሩ። እሱን አትንኩብን።

በሚቀጥለው የሕዝብ አስተያየት መስሚያችሁ ላይ ተመዝግቤ እመጣለሁ። የምናገረው በአማርኛ ነው፣ አስተርጓሚ አዘጋጁ።

ከሰሜን ምዕራብ ዲሲ፣ ግብር ከፋይ ሾፌር