ሶሲዮሎጂ ለደረሰሽ ልጄ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? የሞጁሉን ፎቶ አየሁት። "አባዬ፣ አራት ሽማግሌ፣ አራት ትርጉም፣ በቃ ሽምደዳ ነው" ያልሽውም ገብቶኛል። እንደዚያ ተደርጎ ከተጻፈማ አንቺ ምን ታደርጊ። ግን ሰዎቹን ከነዘመናቸው ካላየሻቸው ሶሲዮሎጂ የስም ዝርዝር ሆኖ ይቀርብሻል፣ ሚድ ሲያልፍም ይረሳል። ስለዚህ እኔ እንደገባኝ አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትደናገሪ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ትልልቅ ነውጦች ነው። በ1789 ፈረንሳይ ውስጥ አብዮት ፈነዳ፣ ጥቂት ቆይቶም የንጉሡ አንገት ተቆረጠ፣ ቤተ ክርስቲያንም መሬቷን ተነጠቀች። እንግሊዝ አገር ደግሞ ስንት ዘመን ከመሬቱ ጋር የኖረ ገበሬ ጓዙን ጠቅልሎ ፋብሪካ በር ላይ ተሰለፈ። እግዚአብሔር ያቆመው ነው ሲባል የኖረ ሥርዓት በአንድ ሰው ዕድሜ ሲፈርስ ያየ ሰው ምን ይጠይቃል? "እስከ ዛሬ አብረን ያኖረን ምን ነበር? ከእንግዲህስ?" አራቱም ሽማግሌዎችሽ፣ ኮምት፣ ማርክስ፣ ዱርካይምና ዌበር፣ የሚያነሡት ይህንኑ ጥያቄ ነው። የሚለያዩት መልሱ ላይ ነው።

ኦጉስት ኮምትን በፍጥነት እንለፈው። በ1798 ሞንፔልዬ ተወለደ፣ በወጣትነቱ የፈረንሳዊው አሳቢ የሳን ሲሞን ጸሐፊ ነበር፣ በ1830ዎቹ መጨረሻ ለዘርፉ ሶሲዮሎጂ የሚለውን ስም ሰጠ። የሰው አስተሳሰብ በሦስት ደረጃ ያልፋል አለ፤ መጀመሪያ ሁሉን በአምላክ ያስረዳል፣ ቀጥሎ በረቂቅ ሐሳብ፣ በመጨረሻ በሳይንስ። እንደ ፊዚክስ የኅብረተሰብም ሕግ ይገኛል ብሎ ያምን ነበር። የሚገርመው፣ ሃይማኖት አለፈ ያለው ሰው በኋለኛ ዕድሜው ራሱ "የሰው ልጅ ሃይማኖት" የሚል ነገር አቋቋመ። የብራዚል ባንዲራ ላይ ያለው "ሥርዓትና እድገት" የሚለው መፈክር ከእሱ የመጣ ነው። ጽሑፉ አድካሚ ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያቀለለችው ሐሪየት ማርቲኖ የምትባል፣ ጆሮዋ የማይሰማ እንግሊዛዊት ጸሐፊ ናት፤ በ1853 አሳጥራ ተረጎመችው። እሷ ራሷ በ1837 ስለ አሜሪካ ኅብረተሰብ ስለ ባርነቱም ስለ ሴቶቹም ጽፋለች፣ ግን ሞጁልሽ ውስጥ የለችም።

ኮምት የሶሲዮሎጂ "አባት" ነው የሚለውን ነገር ደግሞ በጥርጣሬ ያዢው። ከኮምት 450 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ቱኒስ የተወለደው ኢብን ኻልዱን በ1377 ለታሪክ መጽሐፉ በጻፈው መቅድም ይህንኑ ጥያቄ ጠይቋል። የበረሃ ጎሳ የጠበቀ አንድነት ስላለው ከተማውን ይይዛል፣ ከተማ ሲገባ ይደላዋል፣ አንድነቱ ይላላል፣ በሦስት ትውልድ ገደማም ለሌላ ጎሳ ቦታውን ይለቃል ይላል። አስቢው እስቲ፣ ያኔ አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ማን ነበር?

ወደ ማርክስ ልምጣ። እኔና አንቺ እሱን በተመለከተ በሁለት ዓለም ነው ያደግነው። በእኛ ጊዜ ምስሉ ከኤንግልስና ከሌኒን ጋር አብዮት አደባባይ ተሰቅሎ፣ በውይይት ክበቡ ቃሉ እንደ ዳዊት ይደገም ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው ሐውልቱም የዚያ ዘመን ነው። ጥያቄ ማንሣት ያስጠረጥር ስለነበር ከእኔ እኩዮች ግማሹ ያመልከዋል፣ ግማሹ ስሙን መስማት አይፈልግም። አንቺ ይህ ሸክም ስለሌለብሽ እንደ ተመራማሪ አንብቢው። ሰውዬው ለንደን ተሰዶ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ንባብ ክፍል ቁጭ ብሎ፣ የመንግሥት የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች የጻፉትን ሪፖርት ሲያገላብጥ ነው የኖረው። በ1867 ባወጣው "ካፒታል" ውስጥ ስለ ሥራ ቀን ርዝመት የሚያወራው ምዕራፍ የሕፃናትን ሥራ፣ የዳቦ ጋጋሪዎችን ሌሊት፣ የተሰረቀችውን የምሳ ደቂቃ ሳይቀር ይዘረዝራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሠራተኛው ከሚሠራበት ሰዓት ከፊሉ ደመወዙን ይመልሳል፣ የቀረው ለባለ ፋብሪካው ነው። ሠራተኛው መሣሪያውም መሬቱም ስለሌለው እንቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ "አብረን ያኖረን ምንድን ነው?" ብትይው "ችግርና ጉልበት፣ የጋራ ጥቅም ነው የሚሉሽ ደግሞ የሚጠቀሙት ናቸው" የሚልሽ ይመስለኛል። የሳተውንም ልብ በይ። አብዮቱ ፋብሪካ በሞላባቸው አገሮች ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ገበሬ በሞላባት ሩሲያ መጣ። እኛ ጋማ ፋብሪካው ተቆጥሮ ያልቅ ነበር!

የእኔ ሰው ዱርካይም ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሺኝ።

ኤሚል ዱርካይም በ1858 ፈረንሳይ ውስጥ ኤፒናል የሚባል ከተማ ከአይሁድ ረቢ ቤተሰብ ተወለደ። መንገዱን ባይከተልም፣ ሃይማኖት ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚያስተሳስር ከቤቱ ነው ያየው። መነሻው እንዲህ ነው፤ ከእኛ በፊት የነበሩ፣ ከእኛ ውጭ ያሉ፣ ግን የሚያስገድዱን ነገሮች አሉ። ጎረቤት ሞቶ ልቅሶ ባትደርሺ ፖሊስ አይመጣብሽም። ግን የእናትሽን ዓይን ማየት ትችያለሽ? ሕጉን አንቺ አላወጣሽውም፣ እሷም አላወጣችውም፣ ሁለታችሁንም ግን ይዟችኋል። ማኅበራዊ እውነታ የሚለው ይህን ነው።

ይህን ለማሳየት ማንም የማይጠብቀውን ርዕስ መረጠ፣ ራስን ማጥፋትን። ከዚህ የበለጠ የግል ነገር የለም እንል የለ? በ1897 ያወጣው መጽሐፍ የአውሮፓ አገሮችን አኃዝ አሰልፎ አንድ ነገር አሳየ፤ ሰዎቹ በየዓመቱ ሌሎች ናቸው፣ የየአገሩ መጠን ግን ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም። የእህቱ ልጅ ማርሴል ሞስ 26,000 ያህል መዝገብ ለይቶለታል፣ ያውም በእጅ። ከፕሮቴስታንቶች ይልቅ ካቶሊኮች ዘንድ ያንሳል፣ ካላገቡት ይልቅ ባገቡት ዘንድ ያንሳል፣ በጦርነት ጊዜም ይቀንሳል። ኢኮኖሚ ሲወድቅ ይጨምራል፤ ይህ አይገርምም። ግን በድንገት ሀብት ሲትረፈረፍም ይጨምራል አለ። ድህነት ብቻ ቢሆን ምክንያቱ ይህ እንዴት ይሆናል? የእሱ መልስ፣ ሰው በቃኝ የሚልበትን ልክ የሚሰጠው ማኅበረሰቡ ነው፣ ኑሮ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲገለባበጥ ያ ልክ ይጠፋል የሚል ነው። አኖሚ የምትለዋ ያስቸገረችሽ ቃል ይህችው ናት።

ተቺ አላጣም። ካቶሊኩ አገር ውስጥ ቤተሰብ ነውሩን ፈርቶ ሌላ ምክንያት ቢያስመዘግብስ ይሉታል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ፈተና ላይ ጻፊው። ስለ ሴቶች ያለውም ደካማ ነው። ቢሆንም አንድን ነገር ከሰውየው ጠባይ ሳይሆን ከከበበው ትስስር ለማስረዳት ቁጥር ይዞ እንዲህ የተሟገተ ከእሱ በፊት ብዙ አላውቅም።

ቀደም ብሎ በ1893 ስለ ሁለት ዓይነት ትስስር ጽፎ ነበር። አንዱ፣ ሁሉም አራሽ፣ ሁሉም አንድ ጾም የሚጾም ሲሆን የሚመጣው ነው፤ የምንያያዘው ስለምንመሳሰል ነው፣ ሜካኒካል ይለዋል። ሌላው ከተማ ውስጥ ነው፤ አንዱ ይጋግራል፣ አንዱ ይነዳል፣ የምንያያዘው ስለምንፈላለግ ነው፣ ኦርጋኒክ ይለዋል። ብዙ ተማሪ እነዚህን ሁለቱን ይገለብጣቸዋል፣ ተጠንቀቂ። እኔ ግን የሰፈራችንን እድር ሳይ ሁለቱ እንደ መጽሐፉ ተለያይተው አይታዩኝም። የባንክ ሥራ አስኪያጁና ተሸካሚው በሥራ አይገናኙም፣ ወርሃዊ መዋጮው ግን እኩል ነው፣ የሚተከለውም ያው ድንኳን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ብትጽፊ ጥሩ አሳይመንት ይወጣዋል። ዱርካይም ራሱ አንድ ወንድ ልጁን በ1915 በጦርነቱ አጣ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላም ተከተለው።

ማክስ ዌበር ጀርመናዊ ነው፣ 1864 ተወልዶ በ1920 በሳንባ ምች ሞተ። ለእሱ ሰው የሚያደርገውን ከመቁጠር በፊት ለድርጊቱ የሚሰጠውን ትርጉም መረዳት ይቀድማል። በ1904 እና 1905 ያወጣው ታዋቂ ጽሑፉ፣ የፕሮቴስታንቱ መምህር የካልቪን ተከታዮች መዳን አለመዳናቸው አስቀድሞ ተወስኗል ብለው ስለሚጨነቁ ሥራቸው ሲሳካ እንደ ምልክት አዩት፣ ትርፉን ደግሞ መብላት ኃጢአት ስለሆነ መልሰው ሥራ ላይ አዋሉት፣ ለካፒታሊዝም የሚመች ጠባይም ከዚያ ወጣ ይላል። የጣሊያኖቹ ከተሞች ቬኒስና ፍሎረንስ ከካልቪን በፊት ባንክ ነበራቸው እኮ ብትይ ብቻሽን አይደለሽም።

እኔ ይበልጥ የምወድለት ስለ ሥልጣን ያለውን ነው። ሰው የሚታዘዘው ወይ በልማድ፣ ወይ በመሪው ግርማ ሞገስ፣ ወይ በወጣ ሕግ ነው። ግን ሦስቱ ተቀላቅለው ነው የሚገኙት። የ1955ቱን (የእኛን 1948) ሕገ መንግሥት ክፈቺ፤ በአንቀጽ የተደረደረ ዘመናዊ ሰነድ ነው፣ የንጉሡን ዘር ግን ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቆጥራል። ሕግ ነው ወይስ ልማድ? ቢሮክራሲንም ሲገልጽ ፋይል፣ ደረጃ፣ ደንብ፣ ለሁሉም እኩል ይላል። መታወቂያ ላሳድስ ብለሽ ሦስቴ "ነገ ነይ" ስትባዪ ያ ሥዕል ምን እንደጎደለው ታውቂያለሽ።

ሞጁልሽ ላይ የሌለ አንድ ሰው ልጨምርና ላብቃ። ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በርሊን የተማረ። በ1896 ፊላደልፊያ ገብቶ በጥቁሮች ሰፈር ቤት ለቤት ዞረ፣ ወደ 2,500 ቤተሰብ ጠየቀ፣ በ1899 መጽሐፉን አወጣ። ወንጀሉንና ድህነቱን ከዘር ሳይሆን ከሥራ ክልከላ፣ ከቤት ኪራይና ከባርነት ታሪክ አስረዳ። ዌበር አሜሪካ ሄዶ አግኝቶታል፣ ጽሑፉንም ራሱ በሚያዘጋጀው መጽሔት አትሞለታል። ያስጠናው ዩኒቨርሲቲ ግን መደበኛ የማስተማር ቦታ አልሰጠውም። በ1963 አክራ ላይ የጋና ዜጋ ሆኖ ሞተ። መምህርሽን ለምን እንደተዘለለ ጠይቂው፣ በትህትና እንጂ እንዳትፋለሚው። መልሱን ጻፊልኝ፣ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ከ"ካፒታል" ያልኩሽን ምዕራፍ ብቻ ኮፒ አድርጊ፣ ሙሉውን እንዳትሞክሪ፣ ብሩም አይበቃም። እናትሽ ጨጓራሽን ጠይቅልኝ ብላለች።

አባትሽ