ለቆራሌው የሰጠሁት የፍሬቻ ስባሪ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ላሜራ ቀጥቃጭ ነኝ፣ ስራው ላይ 19 ዓመት ሆኖኛል። ለጋዜጣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አጻጻፌን አስተካክሉልኝ፣ ሀሳቡን ግን እንዳትቆርጡብኝ አደራ።

ጋራዣችን ውስጥ ልጆቹ የአሜሪካኗን የካረን ሪድን ክርክር በዩቲዩብ ሲከታተሉ ከርመዋል፣ አንድ ጠበቃ ደንበኛ አለን መኪናው እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ እየተረጎመልን። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ካንተን በምትባል ከተማ ጥር 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ጆን ኦኪፍ የሚባል የቦስተን ፖሊስ ሰው ቤት ደጃፍ በረዶ ላይ ወድቆ ተገኘና ሞተ፣ የፍቅር ጓደኛው ካረን ሪድ ጠጥታ ሌክሰስ መኪናዋን ወደ ኋላ ስትነዳ ገጭታው ሄዳለች ተብላ ተከሰሰች። መጀመሪያ የቀረበችበት ችሎት ሰኔ 24 ቀን 2016 ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ሳይስማሙ ቀርተው ፈረሰ፣ በሁለተኛው ሰኔ 11 ቀን 2017 ከግድያው ነፃ ወጣች፣ ጠጥቶ መንዳት ብቻ ተፈርዶባት የአንድ ዓመት አመክሮ ተሰጣት።

እኛ ጋር ጭቅጭቁ "ገጭታዋለች" "አልገጨችውም" ነበር፣ ሻይ ቀዝቅዞ እስኪቀር ድረስ። እኔን የያዘኝ ግን የኋላ መብራቱ ነው። ዐቃቤ ህግ በረዶው ውስጥ የተገኘው ስባሪ ከሷ መኪና መብራት ጋር ይገጥማል አለ፣ ልክ ነው፣ ፕላስቲክ ሲሰበር እንደ ተሰበረ ምጣድ ነው፣ ጠርዙ ከራሱ ጠርዝ ጋር እንጂ ከሌላ ጋር አይገጥምም፣ ይሄን እኔም በእጄ አውቀዋለሁ። ግን መግጠሙ የሚነግርህ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ነው እንጂ መቼ እዛ እንደወደቀና ምን መትቶት እንደተሰበረ አይደለም። የመከላከያ ባለሙያዎች ደግሞ ያንኑ ዓይነት መብራት ላይ የመጠጥ ብርጭቆ በአየር ግፊት እየተኮሱ ሞከሩ፣ የሟቹ ክንድ ላይ ያለው ቁስል ከመኪና ጋር አይሄድም አሉ፣ የውሻ ንክሻ ነው ያለች ሀኪምም ቀረበች። የመኪናው ሰዓትና የሟቹ ስልክ ሰዓት በሰከንዶች ስለሚለያይ በዛም ላይ ስንት ቀን ተከራከሩ።

ይሄ ሁሉ ሙያ ግን መጨረሻ ላይ የሚመለሰው የመጀመሪያው ቀን ላይ ምን ተደረገ ወደሚለው ነው። ፖሊሶቹ ደሙን ከበረዶው ላይ የሰበሰቡት በቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ነው፣ የድግስ ኩባያ፣ ኩባያዎቹንም በሱቅ ከረጢት ይዘው ሄዱ፣ በረዶውን በቅጠል መንፊያ ማሽን ገፉት፣ ስባሪው በአንዴ ሳይሆን በተለያየ ቀን ተገኘ፣ ዋናው መርማሪ ደግሞ ስለ ተከሳሿ በስልኩ የጻፈው ስድብ ወጣና ከስራ ተባረረ። አሜሪካ ናት እንግዲህ፣ ላብራቶሪው ሁሉ ያለባት። የሞተው ሰው እናትና አባት ልጃችሁን ማን ገደለው ቢባሉ ፍርድ ቤት የሰጣቸው መልስ የለም።

አሁን የራሴን ልናገር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሰኞ ጠዋት ገና ሳንከፍት አንድ ሰው ቪትዝ ይዞ መጣ፣ የቀኙ ፍሬቻ ተሰብሯል፣ ኮፈኑ ቀኝ ጠርዙ ላይ ተጣጥፏል፣ ፓራብሬዛው በተሳፋሪ በኩል እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቋል። "አህያ ገጨሁ" አለ። ትሁት ሰው ነው፣ ቀብድ ከፈለ፣ ማታ ልውሰደው አለኝ። ፓራፋንጎውን ስፈታ ፍሬቻው ስንጥቅ ውስጥ ክር ተይዟል፣ ነጭ የጥጥ ክር አረንጓዴ የገባበት፣ የመወልወያ ጨርቅ መስሎኝ በፒንሳ ስቤ ጣልኩት። ቀጠቀጥኩ፣ ስቱኮ ቀባሁ፣ መኪናው ታጠበ፣ ስባሪውን ከሌላ ቁርጥራጭ ጋር ለቆራሌው ሰጠሁት።

ከአራት ቀን በኋላ ፖሊስ በፌስታል የብርቱካን ቀለም ፕላስቲክ፣ ጥፍር የምታህል፣ ይዞ መጣ። "የዚህን ቀሪ ስጠኝ" አለኝ። ለካ በዛ ንጋት ለኪዳን የወጡ እናት ተገጭተው ሞተዋል፣ ነጠላ ለብሰው ነበር፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ምን ልስጠው? ፍርድ ቤት ቀርቤ ያየሁትን ተናገርኩ፣ የሰውየው ጠበቃ "አህያ እንዳልሆነ በምን አወቅክ" ሲለኝ እጄ ባዶ ነው፣ ሰውየው ነፃ ወጣ። ጠበቃው ስራውን ነው የሰራው፣ እሱን አልወቅስም። ልጃቸው ችሎቱ ደጅ ላይ አየችኝ፣ ምንም አላለችኝም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ህግ አንቀጽ 543 እንደሚለው ሹፌር በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው፣ ሰክሮ ከነበረ ወይም ግልጽ ደንብ እያወቀ ከጣሰ ወይም ሁለትና ከዛ በላይ ሰው ከሞተ ከአምስት እስከ አስራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት፣ ሆን ብሎ ነው ከተባለ አንቀጽ 540 እስከ ሃያ ይደርሳል። የሞተው አንድ ሰው ሆኖ በነዚህ መሀል ያለው ልዩነት አስፋልቱ ላይ በቀረ ነገር ነው የሚወሰነው። ለምሳሌ 20 ሜትር የፍሬን ምልክት ደረቅ አስፋልት ላይ ከሆነ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር ያሰኛል፣ ዘንቦ ከነበረ ግን ያው 20 ሜትር 45 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የአደጋውን ቦታ ለክቶ ፕላን ያነሳው ትራፊክ ሜትሩን ጽፎ መንገዱ እርጥብ እንደነበር ካልጻፈ ሹፌሩ ላይ ያልነዳው ፍጥነት ሊጫንበት ነው። አምፖልም ይመሰክራል፣ በርቶ ሳለ ከተመታ ውስጡ ያለው ሽቦ ግሎ ስለነበር ይለጠጣል፣ ጠፍቶ ከነበረ ድርቅ ብሎ ይበጠሳል፣ ኤልኢዲ ላይ ይሄ የለም እንጂ "መብራት አብርቼ ነበር" የሚል ሹፌር እውነቱን ይሁን ውሸቱን በዚህ ይለያል። ማስረጃው ገጪውን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ያልገጨውንም ያድናል።

እኛ ጋ ግን አደጋ ሲደርስ ምን እናደርጋለን፣ የተጎዳውን እናነሳለን፣ እሰየው፣ ከዛ አንዱ መጥረጊያ ያመጣና መስታወቱን ወደ ቦይ ይጠርገዋል፣ ባጃጅ በላዩ ያልፋል፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ከባድ መኪና ተሰልፎ ጥሩንባ ስለሚነፋ ሁሉም ቶሎ ይነሳ ነው። ቤተሰብም ሬሳው ሳይመረመር ቶሎ እንቅበር ይላል፣ ሀዘኑ ነው፣ ይገባኛል። ግን ስልክ የሌለው ሰው የለም፣ ለቲክቶክ ከምንቀርጸው ሬሳ ይልቅ ጎማው የቆመበትን፣ ስባሪው የወደቀበትን፣ መንገዱ እርጥብ መሆኑን ፎቶ አንስተን ለትራፊኩ ብንሰጠው ምን አለ።

የኔ ጥያቄ ደግሞ ለጋራዦች ነው። ፊቱ የተመታ መኪና ሲመጣ ሳይፈታ ከነታርጋው ፎቶ ይነሳ፣ ስባሪው ቶሎ አይጣል፣ ክርም ፀጉርም ከታየ እጅ ይሰብሰብና ፖሊስ ይጠራ። ለማን እንደሚደወል፣ ስባሪው ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለበት የሚመለከተው ክፍል ለኛ ለቀጥቃጮች ሰብስቦ ይንገረን፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል። እኔ ከዛ ወዲህ ስባሪ ለቆራሌው አልሰጥም፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከቀኑና ከታርጋው ጋር አስሬ አስቀምጣለሁ። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ሰጥቻለሁ፣ ከትራፊክም ከዐቃቤ ህግም ማየት የሚፈልግ ካለ ጋራዡ በወንጂ መንገድ በኩል ነው፣ ማዳበሪያዎቹ ግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ላሜራ ቀጥቃጭ፣ አዳማ