እንግዴ ልጁን ሳትቀብሩ ላቆያችሁልን

ያለ ጊዜያቸው ሳይሆን ያለ ክብደታቸው የተወለዱ ሕፃናት እናቶች ሆይ፣ እግዜር ይስጥልን። ባሎችና አያቶችም እንዲሁ። ሰው አገሩን «እትብቴ የተቀበረበት» ብሎ በሚጠራበት ምድር፣ «እንግዴ ልጁን አንድ ቀን አቆዩልን» ብሎ መለመን ቀላል አይደለም። እናንተ ግን ፈቀዳችሁልን። ልጆቹ ለምን እንዳነሱ ከእንግዴ ልጃቸው ለማወቅ የጀመርነው የመጀመሪያው ዙር ምርመራ ስለተጠናቀቀ ፈቃዳችሁ ምን እንደጠቀመ ልንነግራችሁ ይገባል።

ብዙዎቻችሁ «ልጄ ያነሰው በደንብ ስላልበላሁ ነው» እያላችሁ ነበር። እንግዴ ልጅ የሚለው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሆድ ገና ሳይገፋ ትሮፎብላስት የሚባሉ የእንግዴ ልጅ ሕዋሶች ወደ ማህፀን ግድግዳ ዘልቀው ጠምዛዛዎቹን ደም ቅዳ ቧንቧዎች ይለውጣሉ፤ ጡንቻቸውን አስለቅቀው ጠባቡን አፍ እንደ መለከት ያሰፉታል። ይህ ሥራ እስከ 20ኛው ሳምንት ገደማ ካልተሟላ፣ በዝግታ መፍሰስ የነበረበት የእናት ደም ከጠባብ ቱቦ እንደሚወጣ ውሃ እየተፈናጠረ ይገባል፤ ደግሞ ይቆራረጣል። ኦክስጅን ሲመጣና ሲሄድ ሕዋሶቹ ይጎዳሉ።

የተጎዳው ሕዋስ ምን ያጎድላል? የእናትንና የፅንስን ደም የሚለየው ሽፋን ሲንሲቲዮትሮፎብላስት ይባላል። ራሱ አይከፋፈልም፤ የሚታደሰው ከሥሩ ያሉት ሕዋሶች ሲዋሃዱት ነው። ኦክስጅን ይህን ሽፋን በራሱ ያልፋል፣ ግሉኮስም በተሸካሚ ፕሮቲን ያለ ጉልበት ይሻገራል። አሚኖ አሲድ ግን ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ሕዋሱ ሲደክም እናቲቱ እንቁላልና ምስር ብትጠግብም ለፅንሱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ፅንሱም ያለውን ደም ወደ አንጎሉ ያደላል፤ ጉበቱና ሆዱ ይቀጥናሉ። በአልትራሳውንድ የሆድ ዙሪያ አጥብቆ የሚለካው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የሳህናችሁ አልነበረም።

የሌሊት ተረኛ አዋላጆች፣ እናንተ ባትኖሩ ይህ ሁሉ ባልታወቀ። የረጋውን ደም ጠርጋችሁ፣ የሽርት ውሃ ከረጢቱንና እትብቱን ቆርጣችሁ መመዘናችሁ ትልቅ ነገር ነው። ከነደሙና ከነእትብቱ የተመዘነ እንግዴ ልጅ ከብዶ ይታያልና ትንሹን ደህና ያስመስለዋል። ጊዜውን የጨረሰ እንግዴ ልጅ 500 ግራም ገደማ ሲሆን ልጁ የዚያ ስድስትና ሰባት እጥፍ ይመዝናል። እትብቱን ቆርጣችሁ ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ መቁጠራችሁ፣ የተተከለው መሃል ይሁን ዳር መጻፋችሁም ረድቶናል። ከሁሉ በላይ ግን በረዶ ቤት ሳይሆን 4 ዲግሪ ላይ ስላቆያችሁልን እናመሰግናለን፤ በረዶ ሕዋሱን ያፈነዳዋል።

የፓቶሎጂ (የሰውነት ናሙና ምርመራ) ባልደረቦች በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንደ ድፎ ዳቦ ከቆረጡት በኋላ ናሙናውን ወዲያው ከመበስበስ በሚጠብቀው ፈሳሽ፣ በፎርማሊን ውስጥ ከተቱ። ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚዘልቅ፣ ሳይቆረጥ የተነከረ እንግዴ ልጅ መሃሉ ይበሰብሳል። ደህና ከሚመስለው ቦታም ቢያንስ ሦስት ሙሉ ውፍረት ያለው ቁራጭ መውሰዳቸውን አልዘነጉም። ቀሪውን ፎርማሊን ሳይነካው ለቀብር መለሱ። እግረ መንገዳችንን፦ «ኖራ ያዘው» ተብላችሁ የደነገጣችሁ አትጨነቁ፤ በዘጠነኛው ወር ነጭ ነጠብጣብ የተለመደ ነው። እኛን የሚያሳስበን ሰፊና መሃል ላይ ያለ፣ ደም አጥቶ የጠነከረ ቦታ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ሜትራችሁን አንርሳ። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ የማህፀን ቁመት በሴንቲ ሜትር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ፊኛ ባዶ ሆኖ ተለክቶ በ3 ያነሰውን ሁሉ ወደ አልትራሳውንድ ልካችኋል። በቆላ ያላችሁት ደግሞ ከጣት ደም ንጹሕ ውጤት ባለፈ ጠርጥራችኋል፤ የወባ ተሐዋሲ የያዘው ቀይ የደም ሕዋስ እንግዴ ልጅ ላይ ተለጥፎ ሊደበቅ ይችላልና። በረዶ ሳጥኑን በዝናብ ተሸክማችሁ ያመጣችሁ ተላላኪዎችና የጽዳት ሠራተኞችም እጃችሁ ይባረክ።

እናቶች፣ ውጤታችሁን ከካርድ ክፍል ውሰዱና አስቀምጡት። ድጋሚ ስታረግዙ ከ12ኛው ሳምንት ሳታልፉ ይዛችሁት ቅረቡ። እንግዴ ልጃችሁ ደም በበቂ እንዳልደረሰው የሚያሳይ ምልክት ከነበረው፣ በተለይም የደም ግፊት ከነበራችሁ፣ ሐኪሙ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ሊያዝላችሁ ይችላል። የሚጠቅመው በአብዛኛው ከ16ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር ነው። ከጎረቤት ተውሳችሁ ግን አትዋጡት።

የማዋለጃና የፓቶሎጂ ክፍል ባልደረቦች