የግጥም ምሽቶች በሰዓታቸው ይጀመሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

«ሰዉ ግጥም መስማት ትቷል» የሚለውን ቅሬታ ከአዘጋጆችም ከገጣሚያንም ደጋግሜ ስለምሰማ፣ ለዓመታት ከታዳሚው መካከል ተቀምጬ ያየሁትን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በእኔ እምነት አዳራሹን የሚያራቁተው የሰዓት አጠባበቃችን ነው።

በቅርቡ በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለ11 ሰዓት ተጠርተን መድረኩ የተከፈተው ለምሽቱ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነበር። የክብር እንግዳው ንግግር፣ የስፖንሰሮች ምስጋናና ረጅም የመጽሐፍ ዳሰሳ ተከታትለው ግጥሙ ሲደርስ 2 ሰዓት አልፏል። ጢም ብሎ የነበረው አዳራሽም ከኋላ ወንበሮች ጀምሮ መሳሳት ያዘ። አጠገቤ የነበረች ወጣት አንድ ስንኝ ሰምታ «ይደገም!» ብላ በጮኸች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቦርሳዋን አንግታ ተነሣች፤ «ከመገናኛ ወደ አያት ታክሲ ይጠፋብኛል» አለችኝና ጎንበስ ብላ ወጣች። የመጨረሻዋ ገጣሚ፣ ለእኔ የምሽቱ ምርጥ የነበረችው፣ ያነበበችው ሃያ ለማንሞላ ሰዎች ነው። ወረቀቷን ስታጥፍ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እስካሁን ያሳዝነኛል።

በራስ ሆቴል ይቀርብ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ለዓመታት ታዳሚ ያላጣው በሙዚቃው ብቻ አይመስለኝም፤ የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ የግጥም ቀን መሆኑን ሰው ስለለመደው ሌላ ጉዳዩን አስቀድሞ ጨርሶ ይጠብቀው ነበር። ስለ ክብር እንግዳም ካነሣን፣ በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በግጥም ሲወዳደሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ዛሬ ግን እንግዳው ተናግሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ገጣሚው ሳይነሣ ይሄዳል።

ስለዚህ አዘጋጆችን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ግጥሙ ይቅደም፣ ንግግሩ ይከተል፤ ቢቻል ዝግጅቱ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዛወር፤ በማስታወቂያው ላይም ከመጀመሪያው ሰዓት ጎን የማብቂያው ሰዓት ይጻፍና ይከበር፤ ሩቅ ሠፈር የሚኖር ታዳሚ የመጨረሻውን ገጣሚ ሰምቶ ቤቱ መግባት መቻሉን ሲነሣ ጀምሮ እንዲያውቅ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የግጥም ታዳሚ፣ ከአዲስ አበባ